ልሞት ነው ብዬ የተናዘዝኩ ቀን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ባሕር ውስጥ ልሞት ስለነበረ አይደለም። እንዲያውም ልሞት አልነበረም፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው። ሰው ልሞት ነው ብሎ የሆዱን ዘርግፎ ሳይሞት ሲቀር ምን እንደሚመስል በራሴ አይቻለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ጉለሌ፣ ከቁስቋም ማርያም ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር ነው። ሥራዬ የሆስፒታል ማሽን መጠገን ነው። ሙባረክ የሚባል የልብ ጓደኛ አለኝ፤ አባቱ ጋሽ ሰኢድ ሽሮ ሜዳ የጋቢና የነጠላ ሱቅ አላቸው። ሙባረክና እኔ ሙያውን አብረን ተማርን፣ አብረን ተመረቅን። እውነቱን ለመናገር ግን እጁ ከእኔ በብዙ ይበልጣል። እሱ የማሽን ድምፅ ሰምቶ የቱ ጋ እንደታመመ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ማሽን ከፍቼ ከገጠምኩ በኋላ የተረፈኝን ብሎን ኪሴ የምደብቅ ነኝ። ሦስተኛዋ ጓደኛችን ሰናይት ናት። የእሷም ሙያ ይኸው ነው፤ ከእኔ የምትለየው ከመናገሯ በፊት ስለምታስብ ነው።

ሦስታችን ታንዛኒያ ውስጥ፣ ከባሕር የአንድ ቀን መንገድ በምትርቅ ትንሽ ከተማ፣ የአንድ ሆስፒታል ማሽኖችን ለሁለት ወር በበጎ ፈቃድ እንድንጠግን ዕድል አገኘን። ከመሄዴ በፊት ሰፈር ውስጥ ያላወራሁለት ሰው አልነበረም። እናቴ ለጎረቤት ስትናገር ሐኪም አድርጋኝ ነበር፤ እኔም አላረምኳትም።

ሥራው ከባድ ነበር፤ ግን ደስ ይል ነበር። የሆስፒታሉ መጋዘን ለዓመታት በተበላሸ ዕቃ ተሞልቷል። አንዱን እያነሳን፣ ከሌላው ዕቃ እየፈታን፣ ብዙውን አስነሣን። ሙባረክ ግን ከሁሉም በላይ አንድ ማሽን ላይ ልቡን ጣለ። አውቶክሌቭ ይባላል። የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች በእንፋሎት የሚቀቀሉበት ትልቅ ድስት በሉት። ከተበላሸ ስለቆየ ሆስፒታሉ ከትንንሽ ሕክምና በስተቀር ቀዶ ሕክምና አቁሞ ነበር። ሙባረክ አምስት ሳምንት ታገለው። በመጨረሻ ተነሣ። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ኔማ ወሬውን ስትሰማ ለሚቀጥለው ሳምንት በቀዶ ሕክምና ለሚወልዱ እናቶች ቀጠሮ መስጠት ጀመረች።

በመጨረሻው ሳምንት፣ አርብ ዕለት፣ ሙባረክ ለጁምዓ ሶላት ወደ መስጊድ ሄደ። ሰናይት ሌላ ክፍል ውስጥ ነበረች። እኔ ከማሽኑ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ሲስተር ኔማ በኮሪደሩ ስትመጣ አየኋትና፣ ስትገባ ማሽኑ በእኔ እጅ ሲሠራ ብታየው ምን አለበት ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በፊት በእኔ እጅ ሲሠራ ያየችው የቡና ማፍያ ብቻ ነበር። አበራሁት።

ማሽኑ ሳይበራ በፊት ውሃ ይፈልጋል። ውሃ አልጨመርኩም። ውሃ ሲጎድል በራሱ እንዲጠፋ የሚያደርገውን ሽቦ ሙባረክ ገና አላገናኘውም ነበር፤ ይህንንም ጠዋት ነግሮኝ ነበር። እኔ ሲስተር ኔማ እስክትገባ ብዬ ስልኬን አውጥቼ፣ ሥራው ሲያልቅ የምንሄድበትን የባሕር ዳርቻ ፎቶ ማየት ጀመርኩ። ሲስተር ኔማ ሳትገባ አለፈች። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ።

አጠፋሁት። መስኮት ከፈትኩ። በጋዋኔ ሽታውን አራገብኩ። ከዚያ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ሻዩን በሁለት ስኳር እንደጠጣሁት ሳይቀር አስታውሳለሁ።

ሰኞ ማሽኑን የምናስረክብበት ቀን ነበር። ነርሶቹ፣ ጽዳቶቹ፣ አስተዳዳሪው ሳይቀር ተሰበሰቡ። ሙባረክ ሽቦውን አገናኘ፣ ውሃውን ሞላ፣ አበራ። ማሽኑ አልሞቀም። ከፍቶ ሲያየው ማሞቂያው ተቃጥሏል።

“ውሃ ሳይኖረው በርቷል” አለኝ በአማርኛ፣ በቀስታ። “ሐሙስ ስፈትሸው ሳላጠፋው ሄጄ ነው ማለት ነው።”

ሦስት እርምጃ ርቄው ነበር የቆምኩት። አፌን ከፈትኩ፣ እህህ ብዬ ሳልኩና መልሼ ዘጋሁት።

ሲስተር ኔማ ክፉ ሴት አይደለችም። ግን ቀጠሮ የሰጠቻቸውን እናቶች አሁን በመኪና ሁለት ሰዓት ወደሚያስኬድ ሌላ ሆስፒታል ልትልክ ነው። በሰዉ ፊት “ባትነካው ይሻል ነበር፤ ተስፋ ባልሰጠኋቸው” አለችው። ሙባረክ አንገቱን ደፍቶ “ይቅርታ” አለ። ማሞቂያው በዚያች ከተማ አይገኝም፤ እኛም ጊዜያችን አልቋል። በማግሥቱ ተሰናብተን ወጣን።

ቀድመን ያሰብነው ሥራው ሲያልቅ ዛንዚባር ሄደን አምስት ቀን ልናርፍ ነበር። ከጉለሌ ተነሥቶ ባሕር ያየ ሰው ከቤተሰቤ ውስጥ የለም። ለሁለት ወር ስናወራ የነበረው ስለዚህ ዕረፍት ነው። አሁን ግን ሙባረክ አውቶቡስ ውስጥ ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ሄደ። ጀልባ ለመሳፈር ወደብ ላይ ስንጠብቅ ስልኩን አወጣና አባቱ ጋ ደወለ።

“አባዬ፣ ሱቁ ውስጥ ለእኔ የሚሆን ቦታ አለ?” ሲል ሰማሁት።

ጋሽ ሰኢድ ይህን ጥያቄ ለሰባት ዓመት ሲጠብቁ ነው የኖሩት። ድምፃቸው ከስልኩ ወጥቶ እኔ ጋ ደረሰ። ሙባረክ ዘጋውና “በቃ፣ ይሄ ሙያ የእኔ አይደለም። ጋቢ እሸጣለሁ። ጋቢ ሳታጠፋው ብትሄድ አይቃጠልም” አለ።

ሰናይት “አንድ ማሞቂያ ተቃጠለ ተብሎ ሙያ ይጣላል እንዴ?” አለችው። ዛሬ ድካም ላይ ነው፣ ነገ እነግረዋለሁ አልኩ ለራሴ። ነገ ደግሞ ዕረፍቱን አላበላሽበትም፣ አዲስ አበባ ስንገባ እነግረዋለሁ አልኩ። ጀልባው መሃል ባሕር ሲደርስ ከፋሲካ በኋላ አድርጌው ነበር።

የደረስንበት መንደር ነጭ አሸዋ ያለው፣ ዘንባባ የበዛበት፣ ጸጥ ያለ ቦታ ነው። ባሕሩን ሳየው በእጄ ዘግኜ ቀመስኩና “እውነትም ጨው ነው” ብዬ አበሰርኳቸው። ሰናይት እንኳን ደስ ያለህ አለችኝ።

በመንገድ ላይ ዋናተኛ እንደሆንኩ ነግሬያቸው ነበር። ልጅ ሳለሁ ሶደሬ ሄደን መዋኛ ገንዳ ውስጥ መግባቴ እውነት ነው። የገንዳውን ዳር ግን ለቅቄ አላውቅም። ሙባረክ ዋና ጨርሶ እንደማይችል በግልጽ ተናገረ። እኔም “አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ” አልኩት።

በዚያ ባሕር ዳርቻ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ሲሸሽ ሜዳ ነው የሚሆነው፤ ሰው በእግሩ ሩቅ ድረስ ይሄዳል። የመንደሩ ሴቶችም ያን ጊዜ ገብተው፣ በካስማና በገመድ አስረው የሚያሳድጉትን የባሕር ሣር ይለቅማሉ። በማግሥቱ ጠዋት የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ይህን ካስረዳን በኋላ “በአራት ሰዓት ውሃው ስለሚመለስ ቀደም ብላችሁ ውጡ” አለን።

እዚህ ላይ ነው ሊቅነቴ የመጣው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ አንድ ብለው ይጀምራሉ፣ እኩለ ቀን ስድስት ይላሉ። ሁለት ወር ሙሉ በዚህ ተደስተን፣ ዘመድ አገኘን ስንል ነበር። እኔ ግን “አይ፣ ይሄ ሰውዬ እንግዳ የለመደ ነው፤ ለእንግዳ የሚናገረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ያለው በእኛ አሥር ሰዓት ማለቱ ነው” አልኳቸው።

ሰናይት “አራት ሰዓት ካለ አራት ሰዓት ነው” አለች።

“የውጭ አገር ሰው መሆናችንን ረሳሽው?” አልኳት።

“እኔ ከዚህ አልነቃነቅም” ብላ ዘንባባ ሥር ነጠላዋን አነጠፈች። መጽሐፍም ይዛ ነበር። ሙባረክን ግን ጎተትኩት። ፊቱ እንዲፈታ ፈልጌ ነበር፤ ፊቱ ሲፈታ የእኔም ሆድ ቀለል የሚለኝ መስሎኝ ነው።

ሁለት ሰዓት ላይ ወጣን። አሸዋው እርጥብና ለስላሳ ነው። በየጉድጓዱ ትንንሽ ዓሣዎች ቀርተዋል። ሴቶቹን አልፈን፣ ውሃው ከቁርጭምጭሚት በማይበልጥበት ሁሉ እየተረማመድን፣ ከሩቅ እንደ ትንሽ ደሴት ወደሚታይ የአሸዋ ጉብታ ደረስን። ሙባረክ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ቁጭ ብለን ቆሎ በላን። እሱ ስለ ሱቁ አወራኝ፤ መደርደሪያውን እንዴት እንደሚያሠራው፣ ለአባቱ ዕረፍት እንደሚሰጣቸው። ድምፁ ውስጥ ግን ደስታ አልነበረም። አንድ ሰው ስለ ጡረታ የሚያወራ ይመስል ነበር። ገና ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው።

ስንነሣ የመጣንበትን መንገድ አጣነው። በእኛና በመሬቱ መካከል ሰፊ ውሃ ገብቷል። ሴቶቹም ወጥተዋል። ሰዓቴን ሳይ አራት ከሩብ ነው። የእኛ አራት።

“ዋናተኛው፣ እንዴት እናድርግ?” አለኝ ሙባረክ። እየቀለደ አልነበረም።

“ተከተለኝ” አልኩና ገባሁ። አሥር እርምጃ ያህል ደህና ሄድኩ። ከዚያ አንድ እግሬ ጉድጓድ ገባና ውሃው አንገቴ ጋ ደረሰ። ጨዋማ ውሃ ዋጥኩ። እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም፤ ሙባረክ በኋላ እንደነገረኝ በአራት እግሬ ነው የተመለስኩት። ጉብታው ላይ ወጥቼ ትከሻው ላይ ተንጠለጠልኩ። አለሁልህ ያልኩት ሰው ላይ።

ጉብታው እያነሰ መጣ። ውሃው ቁርጭምጭሚታችንን ያዘ፣ ቀጥሎ ጉልበታችንን፣ ቀጥሎ ጭናችንን። ወደ ባሕሩ ዳር ጮኽን። ሰናይት ከሩቅ እንደ ነጭ ነጥብ ትታያለች፤ ነጥቡ እጁን አውለበለበልን። ሰላምታ መስሏት ነው ብዬ አለቀስኩ። ሙባረክ ዓይኑን ጨፍኖ በአረብኛ ይጸልያል። እኔ የማርያምን ስም እየደጋገምኩ ከእሱ ድምፅ በላይ እጮሃለሁ። ውሃው ወገባችን ጋ ሲደርስ እናቴ ታየችኝ። ለጎረቤት ሐኪሙ ልጄ ሞተ ስትል።

ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው።

“ሙባረክ፣ ማሽኑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።”

ጸሎቱን አቆመ። “ምን?”

“አርብ ዕለት፣ አንተ መስጊድ ሄደህ። ውሃ ሳልጨምር አበራሁት። አንተ ሐሙስ አጥፍተኸው ነው የሄድከው። ጥፋት የለብህም።”

ዓይኑን ገለጠና አየኝ። ውሃው ያስፈራው ፊት ጠፍቶ ሌላ ፊት መጣ።

“ለምንድነው አሁን የምትነግረኝ?”

“ልንሞት ስለሆነ። ይቅር በለኝ።”

“እኔ ቄስ አይደለሁም ቢኒያም” አለኝ።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን አንድ ጊዜ የተከፈተ አፍ አልዘጋ አለኝ። እናቱ የላኩለትን ዳቦ ቆሎ የጨረስኩት እኔ እንደሆንኩ፣ አይጥ ነው ያልኩት ውሸት እንደሆነ ነገርኩት። አውቶቡስ ውስጥ ስልኩ ላይ ተቀምጬ መስታወቱን የሰነጠቅሁት እኔ እንደሆንኩም ነገርኩት። ከተመረቅን በኋላ መጀመሪያ የተቀጠርንበት መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ስለ እሱ ሲጠይቁኝ “ጎበዝ ነው፣ ግን ቀስ ይላል” ማለቴን ሳይቀር አስታወስኩ።

በዚህ መሃል ከጀርባችን፣ ከእኛ ይልቅ ወደ ጥልቁ ባሕር በኩል፣ ሰው ሲያንጎራጉር ሰማን። ዞር ስንል አንዲት አሮጊት እየተራመደች ትመጣለች። በባሕር ሣር የተሞላ ጆንያ ውሃው ላይ አንሳፍፋ በገመድ ትጎትታለች። እግሯ ላይ ኮንጎ ጫማ አድርጋለች። ውሃው ከእሷም ወገብ አላለፈም፤ እሷ ደግሞ ትከሻዬ ጋ እንኳን አትደርስም።

አጠገባችን ስትደርስ ቆመች። እኔን አየችኝ፣ ሙባረክን አየችው፣ ባዶ እግሬን በውሃው ውስጥ አየችውና ራሷን ነቀነቀች። “ትዌንዴ” አለች፤ እንሂድ ማለቷ ነው። የገመዱን ጫፍ እጄ ላይ አስያዘችኝና መንገድ ጀመረች። እኔ የገባሁበትን ጉድጓድ በስተግራ ትታ፣ በስተቀኝ በኩል ዞራ፣ የማይታይ መንገድ ላይ እንደምትሄድ ሁሉ ሄደች። እኔ እንደ ገበያ በግ ተጎተትኩ። ሙባረክ ከኋላዬ ይመጣል። በየመሃሉ “ፖሌ ፖሌ”፣ ቀስ በል፣ ትለኛለች። ውሃው አንድ ጊዜ ደረቴ ድረስ ወጣ፤ ከዚያ ሲወርድ፣ ሲወርድ ጉልበቴ ጋ ደረሰ። ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ደረቅ አሸዋ ላይ ነበርን።

ዳር ላይ ሴቶቹ ሣራቸውን እያሰጡ ነበር። አሮጊቷ አንድ ነገር ነገረቻቸው። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ ጉልበቷን አንቀጥቅጣ፣ የእኔን አጯጯህ አሳየቻቸው። ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከመካከላቸው አንዷ ውሃ ሰጠችኝ። አሮጊቷን እጇን ይዤ ባመሰግናት የለመንኳት እንጂ ያመሰገንኳት አይመስልም ነበር። ጆንያውን ወደ ማስጫው እንዳደርስላት ጠቆመችኝ። አደረስኩ። ከዚያ ረሳችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

ሰናይት መጽሐፏን እንደያዘች መጣች። “ምን ሆናችሁ ነው የምትጮሁት? ከዚህ ሳየው ወገባችሁ ጋ ነበር እኮ” አለች።

ሙባረክ ሸሚዙን ጨመቀና ወደ ክፍሉ ሄደ።

ያን ቀን ምሳ ላይ ወንበሩን ከእኔ አርቆ ተቀመጠ። የተጠበሰ ዓሣ ቀረበልን፣ ዘንባባው ይወዛወዛል፣ ባሕሩ መጥቶ እግራችን ሥር ይተኛል። ለሁለት ወር ያለምነው ዕረፍት ማለት ይህ ነው። ለሰናይት እኔው ራሴ ነገርኳት። ሹካዋን አስቀመጠች። “ሁለት ወር አብሬህ ሠራሁ” አለች። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ስነቃ ሙባረክ ሻንጣውን ዘግቶ በር ላይ ቆሟል።

“ተነሥ። እንመለሳለን” አለኝ።

“አዲስ አበባ?”

“ሆስፒታሉ። ማሞቂያውን መንገድ ላይ ካለው ትልቁ ከተማ አንተ ፈልገህ ትገዛለህ። ለሲስተር ኔማ አንተ ትነግራታለህ። ባለፈው የነበሩት ሰዎች ባሉበት።”

“ገና ሦስት ቀን አለን እኮ። ባሕሩስ?” አልኩ። ይህን ማለቴን ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይቀላል።

“ባሕሩን አየኸው” አለ።

ሰናይት መቅረት ትችል ነበር። ግን “ሁለታችሁን ብቻችሁን ብለቃችሁ አንዳችሁ ብቻ ነው የሚደርሰው” ብላ ነጠላዋን አጥፋ ተነሣች። እንዲህ ሆኖ የባሕር ዳር ዕረፍቴ አንድ ቀን ከግማሽ ቆየ።

በጀልባ ተሻገርን፣ ማሞቂያውን ሱቅ ለሱቅ ስዞር ዋልኩ፣ በሚቀጥለው ቀን ንጋት አውቶቡስ ተሳፈርን። መንገዱ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። ሙባረክ አጠገቤ ተቀምጦ አላናገረኝም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ካርቶኑን ከእጄ ተቀብሎ ማሞቂያውን አገላብጦ አየና “ትክክለኛው ነው” አለ። ያቺን ቃል እንደ ምርቃት ተቀበልኳት።

ሲስተር ኔማ ስታየን ደነገጠች። የሚሰማው ሰው እንዲሰበሰብ ሙባረክ ጠየቃት። ካርቶኑን በብብቴ ይዤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆምኩ። በእንግሊዝኛ ጀመርኩ፣ በስዋሂሊ ተሳሳትኩ፣ መሃል ላይ በአማርኛ ቀጠልኩ። ግን ነገርኳቸው። ማሽኑን እኔ እንዳቃጠልኩት፣ አይቼ ዝም እንዳልኩ፣ የእሱ ስም በክፉ ሲነሣ ቆሜ እንዳየሁ። ቡና ማፍያውን የጠገንኩላቸው ነርሶች ሳይቀሩ በሌላ ዓይን አዩኝ።

ሲስተር ኔማ እኔን ለመቆጣት ጊዜ አላጠፋችም። ወደ ሙባረክ ዞረች። “ባለፈው በእነዚህ ሰዎች ፊት ነው ያሳፈርኩህ፤ ስለዚህ በእነሱው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። አምስት ሳምንት የደከምክበትን በአንድ ቃል ጣልኩት” አለችው። እጁንም ጨበጠችው። ሙባረክ ወደ ማሽኑ ዞሮ መፍቻ አነሣ። ጀርባው ብቻ ነበር የሚታየን።

ሁለት ቀን ሠራን። እኔ ሥራዬ የእጅ ባትሪ መያዝና ዕቃ ማቀበል ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ሞቀ፤ እንፋሎቱ ፉጨት አሰማ። ሙባረክ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠና “ደህና ነው” አለ። በዚያው ሳምንት ቀጠሮ ከተሰጣቸው እናቶች መካከል ገና ያልሄዱት እዚያው እንደሚታከሙ ሲስተር ኔማ ነገረችን። የሄዱት ግን ሄደዋል። ያንን ማስተካከል አልቻልኩም።

ጉለሌ ስንገባ አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ጋሽ ሰኢድ ለልጃቸው መደርደሪያ አሠርተው፣ ወንበር ገዝተው ይጠብቃሉ። ሙባረክ አብሬው እንድሄድ አልጠየቀኝም። እኔ ግን ሽሮ ሜዳ ድረስ አብሬው ወረድኩ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሴቶች ነጠላ እያስወረዱ ነበር።

“ባሕሩ እንዴት ነበር?” አሉኝ ጋሽ ሰኢድ።

ቆንጆ ነው ማለት ይቻል ነበር። ሙባረክም የሚጠብቀው ያንን ነበር መሰለኝ። “ጋሽ ሰኢድ፣ ልጅዎ ወደ ሱቁ እመጣለሁ ያለዎት በእኔ ጥፋት ነው” አልኳቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ሴቶቹ ነጠላውን ረስተው ያዳምጣሉ። አንደኛዋ የአሮጊቷ ነገር ላይ ስደርስ ሳቀችና አፏን ያዘች።

ጋሽ ሰኢድ ነጠላውን በአራት አጥፈው አስቀመጡና ወደ ልጃቸው አዩ። “እና፣ ሙያህን ትፈልገዋለህ?” አሉት።

“እፈልገዋለሁ አባዬ።”

“ታዲያ ወንበሩን ማን ይቀመጥበታል?” አሉ፤ ድምፃቸው ትንሽ ወረደ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ “አንተ ደግሞ የሰው ዕቃ ታበላሻለህ፣ የሰው ዕቅድ ታበላሻለህ። በል ተቀመጥበት፣ ሻይ ይምጣልህ” አሉኝ። ተቀመጥኩ። ቁጣ ነው ይቅርታ ነው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ለእናቴም ነገርኳት። ሐኪም አለመሆኔን አብሬ ነው የነገርኳት። “ለንስሐ አባትህ የሚነገረውን ለዓሣ ነገርከው” አለችኝና እሑድ ጠዋት ቁስቋም ይዛኝ ወጣች።

አሁን መለስ ብዬ ሳስበው በጣም የሚያሳፍረኝ ማሽኑን ማቃጠሌ አይደለም፤ ማሽን የሚነካ ሰው አንድ ቀን ያቃጥላል። በአራት እግሬ መሮጤም አይደለም። የሚያሳፍረኝ እውነቱን የተናገርኩት ከእውነቱ ጋር መኖር እንደማይኖርብኝ ሳስብ መሆኑ ነው። ያቺ የባሕር ሣር ለቃሚ አሮጊት አሥር ደቂቃ ቀድማ መጥታ ቢሆን ኖሮ ሙባረክ ዛሬ ጋቢ ይሸጥ ነበር፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ጥሩ ነው የምል ይመስለኛል። ይህን ማወቅ ደስ አይልም።

ሙባረክ ዛሬም ማሽን ይጠግናል። ይቅር እንዳለኝ በአፉ ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁትም፣ መልሱን ስለምፈራ። ግን ሥራ ሲበዛበት ይጠራኛል። ጁምዓ ሲሄድ የማሽኑን መሰኪያ ነቅሎ፣ ኪሱ ከትቶ፣ ዓይኔን እያየ ይወጣል። እስኪመለስ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። ሲመጣ ምሳ እንበላለን።